ከሳይንስ ሙዚየም ዕቃ ጥያቄና መልስ ማዘጋጀት፦ ለጅማ የሚሆን አሠራር

ጥያቄና መልስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የትምህርት ቤት ውድድር ነው። ረጅሙ ወንዝ ማን ነው? ስልክን ማን ፈለሰፈ? ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠ ማን ነው? የሸመደደ ይመልሳል፣ ያልሸመደደ ቁጭ ብሎ ያያል። ሳይንስ እንዲህ ሲቀርብ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ከትምህርት ሁሉ በእጅ የሚነካውና በዓይን የሚታየው እሱ ነው። የሳይንስ ሙዚየም የሚሠራውም ሰው ዕቃው ፊት ቆሞ «ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ?» እንዲል ነው። ጥያቄውም ከዚያው ከዕቃው መውጣት አለበት ባይ ነኝ። ከታች ያለው አሠራር ለትምህርት ቤት ክበብ፣ ለሰፈር ወጣቶች፣ ለግቢ ተማሪዎች፣ ቤት ውስጥ ቡና እየተጠጣ ለሚደረግ ጨዋታም ይሆናል።

መጀመሪያ ዕቃ ምረጡ

«ስለ ኤሌክትሪክ አሥር ጥያቄ እናውጣ» ብሎ መነሳት ደረቅ ጥያቄ ነው የሚያመጣው። በርዕስ ሳይሆን በዕቃ ጀምሩ። ሰው ሊያየው፣ ሊነካው፣ ቢያንስ በፎቶ ሊመለከተው የሚችል ነገር ይሁን።

ዕቃው ከየት ይምጣ? አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ጥሩ ነው። የሳይንስ ሙዚየሙ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ተከፍቷል፣ ድንቅነሽን ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም ታገኟታላችሁ። ግን ለጥያቄ ብሎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ የግድ አይደለም። እዚሁ የአባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉበት የጅማ ሙዚየም አለ፣ ጂሬን ላይ ቤተ መንግሥቱ አለ። «እሱ እኮ የታሪክ ነው እንጂ የሳይንስ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። እንጨት የተጠረበበትና ግድግዳ የቆመበት ቦታ ሁሉ ፊዚክስ አለበት። የቀረውን ስልካችሁ ይሞላዋል፤ የለንደን፣ የሙኒክና የቺካጎ የሳይንስ ሙዚየሞች ዕቃዎቻቸውን በድረ ገጻቸው ላይ በፎቶ ያሳያሉ።

ለአንድ ውድድር ስምንት ወይም አሥር ዕቃ ይበቃል። ከአንድ ጥሩ ዕቃ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይወጣል።

ጽሑፉን ከማንበባችሁ በፊት ዕቃውን እዩ

ሙዚየም ስትገቡ ከዕቃው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ወዲያው አትገልብጡ። እሱ ላይ የምታገኙት በአብዛኛው ስም፣ ዓመትና አገር ነው፤ ከዚያ የሚወጣውም የሽምደዳ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ዝም ብላችሁ ተመልከቱትና ሦስት ነገር ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። ምኑ ገረመኝ? አንድ ነገሩ ቢቀየር ምን ይሆናል? ጅማ ውስጥ ይሄን የሚመስል ምን አለ? ሦስተኛዋን እንዳትዘሏት፣ ምርጡ ጥያቄ የሚመጣው ከእሷ ነው። ጽሑፉን ከዚህ በኋላ አንብቡ።

በድንቅነሽ ላሳያችሁ። የተለመደው ጥያቄ «ሉሲ መቼና የት ተገኘች?» ነው። መልሱ ሐዳር፣ አፋር፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። የሚያውቅ በሁለት ሰከንድ ይመልሳል፣ የማያውቅ ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢያስብ አያገኘውም። እስቲ አሁን ይሄን ጠይቁ፦ «ድንቅነሽ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ታዲያ ሳይንቲስቶች ሕፃን እንዳልሆነች በምን አወቁ?» አሁን ጠረጴዛው ይሞቃል። አንዱ ዳሌዋን ይላል፣ ሌላው የአጥንቷን ውፍረት፣ አንዷ ዝም ብላ በምላሷ የራሷን የኋላ መንጋጋ ትነካለች። መልሱ ጥርስ ነው። መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት መንጋጋዎቿ ወጥተው ነበር፣ ትንሽም አልቀዋል። ይሄን ለመመለስ ማሰብ እንጂ መሸምደድ አያስፈልግም፣ መልሱን ያላገኘ ቡድን እንኳ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። ማስከተል ከፈለጋችሁ ደግሞ «በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ እንደምትሄድ የትኛው መገጣጠሚያዋ ተናገረ?» በሉ። ጉልበቷ ነው፤ የጭኗ አጥንት ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ነው ጉልበቷ ላይ የሚያርፈው፣ ልክ እንደኛ።

የቺካጎው የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየምም ጥሩ ምሳሌ አለው። እዚያ ጎብኚዎች ጫጩት እንቁላሉን ሰብራ ስትወጣ ቆመው ያያሉ። «ዶሮ ስንት ቀን ትታቀፋለች?» ብላችሁ ጅማ ላይ ብትጠይቁ ሕፃኑም አዋቂው 21 ይላችኋል። እሷን ትታችሁ «ዶሮዋ እንቁላሎቹን በየጊዜው የምታገላብጣቸው ለምንድን ነው?» በሉ። ካልተገላበጠ በውስጡ እያደገ ያለው ፅንስ ከቅርፊቱ ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል፣ እዚያው ይቀራል። ዶሮ ያረባ ሰው ይሄን ሲመልስ ፊቱ ላይ የምታዩትን ደስታ እወደዋለሁ።

ወደ ጅማ አምጡት

ዕቃው ፓሪስም ይሁን ዋሽንግተን፣ ሕጉ ጅማም ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ እዚህ በተለየ ሁኔታ ነው የሚሠራው፣ ያኔ ጥያቄው ወርቅ ይሆናል።

ፔንዱለም ውሰዱ። ብዙ የሳይንስ ሙዚየሞች ከጣሪያ የተንጠለጠለ ረጅም ፔንዱለም አላቸው። ነገሩ የመጣው ሌዎን ፉኮ ከሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1851 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ፓንቴዎን በሚባለው ሕንጻ በ67 ሜትር ሽቦ 28 ኪሎ የሚመዝን ኳስ አንጠልጥሎ አወዛወዘ። ሰዓቱ እየሄደ ሲመጣ ኳሱ የሚመላለስበት መስመር ቀስ እያለ ዞረ። የዞረችው ግን ከሥሩ ያለችው ምድር ናት። ፓሪስ ላይ መስመሩ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 32 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ጥያቄው እንግዲህ፦ «ያንኑ ፔንዱለም ጅማ ላይ ብንሰቅለው አንዱን ዙር በስንት ጊዜ ይጨርሳል? ሀ. በአንድ ቀን፣ ለ. በሳምንት ገደማ፣ ሐ. በሁለት ወር።» መልሱ ለ ነው። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር መዞሩ ይዘገያል፣ ምድር ወገብ ላይ ጭራሽ ይቆማል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ሰባት ቀን ተኩል አካባቢ ይወስዳል። ይሄን ያነሳሁላችሁ ጥያቄው ከፓሪሱ ዕቃ ተነስቶ የራሳችን እንዴት እንደሆነ እንድታዩት ነው።

ከዚያ በርጩማ። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማያውቅ የለም፣ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው። ያንን አምጡና መሐል ላይ አስቀምጡት፣ ከጎኑ ባለ አራት እግር ወንበር። ወለሉ ጎርባጣ ከሆነ የበለጠ ጥሩ። «ይሄኛው የሚወዛወዘው፣ ያኛው የማይወዛወዘው ለምንድን ነው?» ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ሦስቱም እግሮች መሬት ይነካሉ። አራተኛ እግር ሲጨመር አንዱ አየር ላይ ሊቀር ይችላል። ካፌ ውስጥ ጠረጴዛው አንድ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን የሚወሸቅለት ለዚህ ነው። የፎቶ አንሺዎች ካሜራ ማቆሚያም ሦስት እግር ነው። አሁን ጥያቄውን አጥብቁት፦ «ታዲያ ወንበር ሁሉ ለምን ባለ ሦስት እግር አልሆነም?» እዚህ ላይ አንድ ሰው አስነሱና በርጩማው ላይ ተቀምጦ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይበል፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ይያዘው። ክብደቱ ሦስቱ እግሮች ከሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ሲወጣ ይዞት ይገለበጣል። አራት እግር ሲሆን የሚያርፍበት ቦታ ይሰፋል። በቃ፣ ሁለት ጥያቄ ከአንድ በርጩማ።

ውሃም አለላችሁ። «ጅማ ላይ ውሃ ስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል?» ስትሉ ሁሉም መቶ ብሎ ይጮኻል። መቶ በባሕር ወለል ነው። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ እኛ ዘንድ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ማስከተያው፦ «አንድ ዓይነት ባቄላ ጅቡቲና ጅማ ላይ ቢቀቀል የትኛው ቀድሞ ይበስላል?» የጅቡቲው፣ ውሃው የበለጠ ስለሚሞቅ።

ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ይኖራል አይደል? «በቆሎው ለምን ይፈነዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍሬው ውስጥ ያለችው ትንሽ ውሃ ወደ እንፋሎት ትቀየራለች፣ ጠንካራው ቅርፊት አላስወጣ ይላታል፣ 180 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። «ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የቆየ በቆሎ ለምን አልፈነዳ ይላል?» ስለደረቀ ነው።

ቡናውን ራሱን አትርሱት፣ ጅማ ሆኖ ያለ ቡና ጥያቄ አይሆንም። ሁሉም የሚጠይቀው ቡናን ማን አገኘው ነው፣ እሱ አፈ ታሪክ ስለሆነ ለውድድር አይሆንም። እኔ የማቀርበው እንዲህ ያለውን ነው፦ «የዓረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞም አለው፣ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች ግን 22። እንዴት እጥፍ ሆነ?» ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱም ክሮሞዞም ሙሉ ለሙሉ ስለቀረ ነው፤ አንዱ ወላጅ ሮቡስታ የምንለው ነው፣ ሌላው ዩጂኒዮይድስ ይባላል። ይሄ ለግቢ ተማሪ ይሆናል። ለገበሬ ልጅ ደግሞ ከመልኮ፣ ከጅማው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የወጡትን የቡና ዝርያዎች አምጡ። «74110 በሚባለው ዝርያ ስም ውስጥ 74 ምንን ያመለክታል?» የእናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት በ1971 እ.ኤ.አ. ፍሬውን ገና አረንጓዴ እያለ የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ አገራችን ውስጥ ታይቶ ነበር፣ ተመራማሪዎቹም በየጫካው በሽታውን የቻሉ ዛፎችን ፍለጋ ገቡ። ቤታችሁ ጓሮ ያለው ቡና ቁጥር የያዘው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ እናንተ ታዳብሯቸዋላችሁ። መብረቅ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቆጥሩ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ። ግልገል ጊቤ 1 ላይ ተርባይን ያዞረው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ተጉዞ ግልገል ጊቤ 2 ላይ እንደገና ያመነጫል፤ «ይሄ ኃይል ከባዶ መፍጠር ነው?» ብላችሁ አከራክሯቸው (አይደለም፣ ውሃው ገና የሚወርደው ከፍታ ስላለው ነው)። የራይት ወንድማማቾች የ1903 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ የመጀመሪያው በረራው 12 ሰከንድ ቆየ፣ 36 ሜትር ተኩል ያህል ሄደ። «ይሄ ከእግር ኳስ ሜዳ ወርድ ይበልጣል ያንሳል?» ያንሳል፣ ወደ ግማሹ ነው።

አንድ ከባድ ልጨምር። ሚያዝያ 1 ቀን አካባቢና ነሐሴ 27 ወይም 28 አካባቢ ጅማ ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፣ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨትም ጥላ ያጣል። ይሄ የሚሆነው ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን ስድስት ተኩል ገደማ ነው። «ግማሽ ሰዓቷ ከየት መጣች?» ሰዓታችን የተቀመረው ከኛ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ የኬንትሮስ መስመር ነው፣ ጅማ ግን 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ እኛ ጋ ዘግይታ ትደርሳለች። ይሄን የመለሰ ቡድን እጥፍ ነጥብ ይገባዋል።

ጥያቄውን ስትጽፉት

አንድ ጥያቄ፣ አንድ ነገር። «ማን፣ መቼና ለምን» ብላችሁ አትቆልሉት። አንዴ ተነቦ የማይገባ ከሆነ አሳጥሩት።

ዓመት ካለበት እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ብላችሁ ለዩ። ድንቅነሽ የተገኘችው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ ኅዳር 1967 ዓ.ም.። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ወረቀታችሁ ላይ አንዱ ብቻ ካለ ግን ጠብ ይነሳል። ሰዓትም እንደዚሁ።

ጅማ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚቀናውም አማርኛ የሚቀናውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄውን በሁለቱም አዘጋጁት፣ መልስም በሁለቱም ተቀበሉ። የሚተረጉመው ሰው ቀደም ብሎ ይዘጋጅ። እዚያው ቆሞ ሲተረጉም ቃል ይስትና መልሱን ሊያወጣው ይችላል።

አጣሩ

እያንዳንዱን መልስ እርስ በርስ ካልተገለባበጡ ሁለት ቦታዎች ተመልከቱ፣ ቢቻል አንዱ የራሱ የሙዚየሙ ገጽ ይሁን። ቴሌግራም ላይ የሚዞር «ይገርማል» የሚባል ነገር ሁሉ እውነት አይደለም። ሰው አንጎሉን አሥር በመቶ ብቻ ይጠቀማል የሚለው ውሸት ነው። መብረቅ አንድ ቦታ ሁለቴ አይወርድም የሚለውም ውሸት ነው። ምድር ወገብ ላይ በሳፋ ውሃ እያፈሰሱ በዚህ በኩል ወደ ቀኝ፣ በዚያ በኩል ወደ ግራ ይዞራል ብለው ቱሪስት የሚያሳዩም አሉ። የምድር መዞር ፔንዱለሙን ያዞረዋል፣ ሳፋ ላይ ግን ኃይሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ውሃው የሚዞረው እንዳፈሰሱት ነው። እንዲህ ያሉትን መጣል ሳይሆን «እውነት ወይስ ሐሰት» ብላችሁ አንድ ዙር ሥሩባቸው፣ ሰው በጣም ይወዳቸዋል።

ከዚያ ጥያቄዎቹን ውድድሩ ውስጥ የማይገባ ሰው ላይ ሞክሩ። ታናሽ እህት፣ ጎረቤት፣ አክስት። ጥያቄው ሲነበብላት «ምን ማለት ነው?» ካለች ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። መልሱን ሰምታ «እሺ ይሁን» ብላ ካለፈች ጥያቄው ደካማ ነው። «ውይ! እንደዛ ነው እንዴ?» ካለች ያዙት።

በዕለቱ

ሃያ ጥያቄ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ሰው ይደክማል። በቀላል ጀምሩ፣ መሐል ላይ አክብዱ፣ ከመጨረሻው በፊት አንድ የሚያስቅ ጣል አድርጉ። ቡድን ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይሁን፣ ዕድሜ ቀላቅሉ፤ አንድ አዛውንት ያለበት ቡድን የእርሻና የእንጨት ጥያቄ ላይ ከማንም ይበልጣል። ለማሰቢያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ስጡ፣ ምክንያቱም የጠየቃችሁት የሚታሰብ ነገር ነው። መልሱን በወረቀት ይጻፉ፣ እጅ ቀድሞ በማውጣት ከሆነ ደፋሮቹ ብቻ ይጫወታሉ።

መብራት ሊሄድ ስለሚችል ፕሮጀክተር ላይ አትንጠልጠሉ፤ ፎቶዎቹን በወረቀት አሳትሙ፣ ጥያቄውን አንብቡ። በእጅ የሚሞከሩትን ዕቃዎች አስቀድማችሁ ፈትሹ። ለምሳሌ ሙዚየሞች ውስጥ ፀጉር የሚያቆመውን የቫን ደ ግራፍን መሣሪያ በእስክርቢቶ ልታሳዩት ትችላላችሁ፣ የፕላስቲኩን እስክርቢቶ ፀጉር ላይ ፈትጋችሁ የተቀደደ ወረቀት ታስነሳላችሁ። ክረምት ላይ ግን አልሠራ ሊላችሁ ይችላል። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት በዕቃው ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ይኖራል፣ ቻርጁም በዚያ በኩል ያመልጣል። እንግዲያው ካልሠራ «ለምን አልሠራም?» ብላችሁ እሱኑ ጥያቄ አድርጉት።

እያንዳንዱ መልስ ከተነገረ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ማብራሪያ ስጡ። ከዚያ በላይ ካብራራችሁ ክፍል ውስጥ ያለን ይመስላል።

ክርክር ሲነሳ

መነሳቱ አይቀርም፣ ደግሞም ጥሩ ምልክት ነው። ዳኛው እጅ ላይ ከመልሱ ጋር ተቀባይነት ያላቸው ሌሎች መልሶችም ተጽፈው ይኑሩ። ለበርጩማው ጥያቄ አንዱ ቡድን «ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋል»፣ ሌላው «ሦስት እግር ሁልጊዜ መሬት ያገኛል» ቢል ሁለቱም ነጥብ ያገኛሉ፣ ሐሳቡ አንድ ነው። አንድ ቡድን እናንተ ያላሰባችሁትን ምክንያት ካመጣና አሳማኝ ከሆነ ዳኛው እዚያው ያስረዱ ይበላቸው። እዚያው ማረጋገጥ ካልተቻለ ጥያቄው ይሰረዝ፣ ለማንም ነጥብ አይሰጥ፣ በምትኩ ተጠባባቂ ጥያቄ ይውጣ። ተጠባባቂዎቹ ሦስት አራት ይሁኑ፣ ክብደታቸው መካከለኛ ይሁን፣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ሆነው ከዳኛው ጋር ይቀመጡ፤ አንባቢው እንኳ ፖስታው እስኪከፈት ድረስ አይያቸው።